ከሲጋራ ፓኮ ስለወጣ ሥዕል አይባልም? ስለ ድሮ ቤዝቦል ካርዶች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ድሮ የአሜሪካ ቤዝቦል ካርዶች፣ ማለትም የተጫዋቾች መልክ ስለታተመባቸው ትንንሽ ወረቀቶች፣ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። በኛ ቋንቋ ስለዚህ ነገር የሚጽፍ ሰው ማግኘቴ መጀመሪያ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ግን ሆዴ ተረበሸ።

ጸሐፊው የተነሱት በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ከተሸጠው የዝነኛው ተጫዋች የሚኪ ማንትል ካርድ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያም አምስት ነገር ይላሉ። ካርዶቹ የሲጋራና የማስቲካ ማስታወቂያ እንጂ ሥዕል አይደሉም፤ ቁም ነገረኛ ሙዚየምም አያስጠጋቸውም። ማሽን በገፍ ያተማቸው ስለሆኑ የሠዓሊ እጅ የለባቸውም። ዋጋቸው የሀብታም እብደት ነው። የባህል ምልክት ናቸው ማለት ማጋነን ነው፤ የልጆች መጫወቻ ነበሩ፣ በቃ። በመጨረሻም፣ ለእኛ ለሐበሾች ምናችንም አይደሉም።

ከአምስቱ በአንዱ እስማማለሁ። ሌሎቹን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። መልሱን ከመጀመሬ በፊት አንድ ካርድ ላሳያችሁ።

ካርዱ አሁን ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከክብሪት ሳጥን ትንሽ ይረዝማል። አራቱም ማዕዘኖቹ ተበልተው ክብ ሆነዋል። ትከሻው አካባቢ ታጥፎ የተቃና መስመር ይታያል። ነጩ ጠርዝ ብዙ እጅ እንዳለፈበት የብር ኖት ወይቧል። ከመሐል አንድ ሰው ያየኛል። ጋቢ ስትሪት ይባላል። የዋሽንግተን ቡድን ቀላቢ ነበር፤ ማለትም ወርዋሪው የሚልካትን ኳስ ቁጢጥ ብሎ በጓንት የሚቀልበው ሰው። በ1908 ይሄ ሰው ከዋሽንግተን ሐውልት ሥር ቆሞ ከአናቱ የተወረወረች ኳስ ቀልቧል። ኳሷ ከ150 ሜትር በላይ ወርዳለች። በአሥራ ሦስተኛው ሙከራ ነው የያዛት። እኛ ዲሲና አካባቢው የምንኖር ሰዎች ያንን ሐውልት በየቀኑ እያየን እናልፋለን። እኔ ይህን ታሪክ የሰማሁት በዚህች ካርድ ምክንያት ነው።

ካርዷ ሰብሳቢዎች ቲ206 ከሚሉት ተከታታይ የወጣች ናት። ከ1909 እስከ 1911 የአሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ በሲጋራ ፓኮዎች ውስጥ እየከተተ ያወጣው ነው። ከ520 በላይ የተለያዩ ካርዶች አሉት። ይህችኛዋን 65 ዶላር ነው የገዛኋት። ሚሊዮኑን ለጊዜው እንተወው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልሂድ። ማስታወቂያ ነበሩ? አዎ፣ ነበሩ። ካርዶቹ ሁለት ሥራ ነበራቸው። አንደኛው ስሱን ፓኮ ማጠንከር ነው፤ ሲጋራው እንዳይታጠፍ። ሁለተኛው ገዢው የጎደለውን ካርድ ፍለጋ ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ይህን የሚክድ ሰው የለም።

ግን የስትሪትን ካርድ እንደገና እንየው። ፊቱ ላይ ሲጋራ የሚል ቃል የለም። የኩባንያ ስምም የለም። ያለው የሰውዬው መልክ፣ ከሥሩ በቡናማ ቀለም ስሙና ቡድኑ፣ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ነው። ማስታወቂያው በሙሉ ጀርባው ላይ ነው። በሰማያዊ ቀለም «ፒድሞንት» የሚል የሲጋራ ስም ተጽፏል። ያን ጊዜ ቤዝቦል የሚለው ቃል ገና አልተገጠመምና «ቤዝ ቦል» ተብሎ በሁለት ቃል ነው የተጻፈው። ካርዱን የሠሩት ሰዎች ሻጩንና ሥዕሉን በሁለት ገጽ ለይተዋቸዋል። ፊቱን ለሰውዬው ብቻ ነው የተዉለት።

ደግሞስ ለሥራ የተሠራ ነገር ሥዕል አይሆንም ያለው ማነው? ፈረንሳዊው ሠዓሊ ቱሉዝ ሎትሬክ በ1891 ለሙላን ሩዥ የሠራው ፖስተር የጭፈራ ቤት ማስታወቂያ ነው። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሏል። የእኛው ደብተራ በብራና ላይ የሚሥለው ክታብ ለግድግዳ ጌጥ ተብሎ አልተሠራም። በሽተኛ አንገቱ ላይ እንዲያስረው፣ ከገላው እንዳይለየው ነው የተሠራው። ክታብ ሥዕል አይደለም የሚል ሐበሻ ካለ ላግኘውና እንነጋገር።

ሙዚየም አያስጠጋቸውም የሚለው ደግሞ ከእውነቱ ጋር አይገጥምም። እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ሰፋ አድርጌ ብነግራችሁ ደስ ይለኛል።

ጀፈርሰን በርዲክ በ1900 የተወለደ፣ የኒውዮርክ ግዛቷ ሲራኪዩዝ ከተማ ሰው ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሀብታም አልነበረም። የመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቹን አሠቃይቶታል። ይህ ሰው ሌላው የሚጥለውን ወረቀት ሁሉ ይሰበስብ ነበር፤ የሲጋራ ካርድ፣ ፖስትካርድ፣ የበዓል ካርድ፣ ሳይቀር የሲጋር ቀለበት። በ1930ዎቹ መጨረሻ እነዚህን ካርዶች በዓይነትና በዘመን የሚለይ ካታሎግ አወጣ። ቲ206 የምንለው ስም ራሱ የሱ ነው። ‹ቲ› የሃያኛው ክፍለ ዘመን የትምባሆ ካርድ ማለት ነው።

በ1947 ስብስቡን ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም መስጠት ጀመረ። የኅትመት ሥዕሎች ክፍል ኃላፊው ኤ. ሃያት ሜየር ተቀበለው። ሁሉንም በአልበም አደራጅተህ ለጥፍ ተባለ። በርዲክም በነዚያ በታመሙ ጣቶች ለዓመታት እየለጠፈ ኖረ። ከ300,000 በላይ ወረቀት ነው። ከነዚህ ከ30,000 በላዩ የቤዝቦል ካርድ ነው። በ1963 ጥር ላይ የመጨረሻውን ለጥፎ ጨረሰ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት፣ አረፈ። ስብስቡ ዛሬም በታላላቆቹ የአውሮፓ ሠዓሊዎች በሬምብራንትና በዱሬር ኅትመቶች ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ ሙዚየሙ በየጊዜው እያፈራረቀ ለሕዝብ ያሳየዋል። ለአንዲት የሲጋራ ካርድ ዕድሜውን ስለሰጠ ሰው ሳነብ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ጸሐፊው ይህን ሰው ቢያውቁት ኖሮ ያንን ዓረፍተ ነገር አይጽፉትም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ የሠዓሊ እጅ የለባቸውም ወደሚለው።

እዚህ ጋር የራሴን ኪሳራ ማንሳት አለብኝ። መጀመሪያ የገዛሁት ካርድ ስትሪት አልነበረም። በአንድ የካርድ ገበያ ላይ የታይ ኮብን ካርድ 200 ዶላር ገዛሁ። ኮብ በዘመኑ እጅግ የተፈራ መቺ ነበር፤ መቺ የሚባለው የተወረወረችውን ኳስ በዱላ የሚመታው ተጫዋች ነው። የእሱን ካርድ በዚያ ዋጋ ማግኘቴ ራሱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። ቤት ገብቼ ልጄ አጉሊ መነጽሩን አመጣና «አባዬ፣ ስሙን እየው» አለኝ። ስሙ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ነበር። ፎርጅድ ነው። የእውነተኛው ቲ206 ስም በድፍን ቡናማ ቀለም ነው የሚታተመው፤ ነጠብጣብ የለውም። ሻጩን በማግስቱ ብፈልገው አጣሁት።

ብሩ ይቆጨኛል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ አጉሊ መነጽር ካርድ አላይም፤ ያየሁትም ነገር ሐሳቤን ቀየረው። የስትሪት ፊት ከቅርብ ሲታይ አንድ ቀለም አይደለም። የቆዳው ቀለም ከሥር ነው። በላዩ ሌላ ቀለም፣ በዚያ ላይ ሌላ፣ ከሁሉም በላይ ጥቁሩ ነው። ያኔ ማተሚያ ቤቱ የሚሠራው በሊቶግራፊ ነው፤ ማለትም ሥዕሉን ድንጋይ ወይም ብረት ላይ አውጥቶ፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ በማተም። ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ማተሚያ ይዘጋጃል። አንዱ ቀለም በፀጉር ውፍረት ከቦታው ፈቀቅ ካለ ከንፈሩ ከአፉ ይወጣል። እኔ ጋ ባለችው ካርድ ከንፈሩ ትንሽ ወደ ቀኝ ሸሽቷል። አንድ ሠራተኛ ያን ቀን ወረቀቱን ሲያስገባ ትንሽ ስቶ ነበር ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የሳተውን እጅ አሁን አየዋለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ብዙዎቹ ሥዕሎች የተነሱት ከፎቶ ነው። ቦስተን የነበረው ፎቶ አንሺ ካርል ሆርነር ያነሳቸው የተጫዋቾች ፎቶዎች ለብዙ ካርዶች መነሻ ሆነዋል፤ ዝነኛው የሆነስ ዋግነር ካርድም ከሱ ፎቶ ነው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ታዲያ ከዋግነር ጀርባ ያለው ብርቱካንማ መደብ ከየት መጣ? ኮብ በዚያ ተከታታይ ውስጥ አራት ካርድ አለው። በአንዱ ከጀርባው ያለው ድፍን ቀይ ነው፤ በሌላው አረንጓዴ። ቤዝቦል ሜዳ ላይ ቀይ ሰማይ የለም። ያንን ቀይ የመረጠው አንድ ስሙ ያልተጻፈ የማተሚያ ቤት ሠዓሊ ነው። የኮብን ቁጣ ያየ ሰው ቀዩ ለምን እንደመጣለት ይገባዋል። ስሙ አለመጻፉ እጁን አያጠፋውም። የእኛን አብያተ ክርስቲያናት የሣሉ ስንቶቹ ናቸው ስማቸውን የጻፉ?

ብዙ ቅጂ ስለታተመ ሥዕልነቱ ይጠፋል የሚለውንም አልቀበልም። የጃፓን የእንጨት ኅትመቶችን ተመልከቱ። በቀላል ዋጋ በብዙ ቅጂ ይሸጡ ነበር። የሚሣልባቸውም የዘመኑ ዝነኛ ተዋናዮችና የሱሞ ታጋዮች ነበሩ። የስፖርተኛ መልክ፣ በርካሽ፣ ለተርታው ሰው። ዛሬ እነዚያን ሥዕል አይደሉም የሚል የለም።

ከቲ206 በፊትና በኋላም ነገሩ የበለጸገ ነው። በ1880ዎቹ የወጡት ኦልድ ጀጅ የተባሉት ካርዶች ፎቶ ነበሩ። ካሜራው ፈጣን እንቅስቃሴ መያዝ ስለማይችል ተጫዋቹን ስቱዲዮ ውስጥ ያቆሙታል። ኳሷን በክር ከጣሪያ ያንጠለጥሏታል። እሱም ሊቀልባት እጁን እንደዘረጋ ደርቆ ይቆማል። ክሯ አንዳንዱ ካርድ ላይ ትታያለች። እኔ በጣም የምወዳቸው እነዚህን ነው። በ1910 አካባቢ ደግሞ ተርኪ ሬድ የተባለው ሲጋራ ኩፖን ሰብስቦ ለላከ ሰው ትልልቅ ባለቀለም ካርድ ይልክ ነበር፤ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነበር። በ1953 ቶፕስ የተባለው የማስቲካ ኩባንያ ያወጣቸው ካርዶች ደግሞ በቀጥታ ከቀለም ቅብ የተነሱ ናቸው። ጄሪ ድቮራክና ሌሎች ሠዓሊዎች የተጫዋቾቹን ፊት በትንንሽ ሰሌዳ ላይ በብሩሽ ሣሏቸው። ኩባንያው ከእነዚያ ዋና ሥዕሎች አንዳንዶቹን በ1989 በጨረታ ሸጠ። እጅ የለበትም የሚባለው ነገር ይሄ ነው?

ሦስተኛው ነጥብ ዋጋው ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ እንዲያውም ከሳቸው ብሼ እናገራለሁ። ዋጋው ካርዱን ሸፍኖታል።

የ1952ቱን ማንትል እንውሰድ። (በነገራችን ላይ ጸሐፊው የማንትል የመጀመሪያ ካርድ ነው ያሉት ስህተት ነው። የመጀመሪያው ቦማን የተባለው ኩባንያ በ1951 ያወጣው ካርድ ነው።) የ1952ቱን የቶፕስ ተከታታይ የቀየሰው የኩባንያው ሠራተኛ ሳይ በርገር ነው። ብሩክሊን ባለው ቤቱ፣ በኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ ከባልደረባው ከዉዲ ጌልማን ጋር ሆኖ። የቡድኑን አርማ ፊት ላይ ያደረገ፣ የተጫዋቹን ፊርማ ያስቀመጠ፣ ከጀርባ ያለፈውን ዓመትና የዕድሜ ልክ ውጤቱን የደረደረ ነው። ዛሬ የምናውቀው የካርድ መልክ ከዚያ ጠረጴዛ ወጣ። የዚያ ዓመት የመጨረሻዎቹ ካርዶች፣ ማንትልም ያለበት፣ ዘግይተው ወጡና ሳይሸጡ ቀሩ። መጋዘን ሞሉ። በርገር ለዓመታት ሊሸጣቸው ሞከረ፤ የሚገዛው አጣ። በ1960 በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ጣላቸው። ዛሬ 12.6 ሚሊዮን የሚከፈለው ለሥዕሉ ብቻ አይደለም። ባሕር ለበላቸው ወንድሞቹም ጭምር ነው።

የዋግነሩ ታሪክ የባሰ ነው። ዋግነር የፒትስበርግ ተጫዋች ነበር። ካርዱ መታተም እንደጀመረ እንዲቆም አደረገ። ልጆች ትምባሆ እንዳይገዙ ብሎ ነው የሚሉ አሉ፤ ሳይከፈለው ስለቀረ ነው የሚሉም አሉ፤ እሱ ራሱ ትምባሆ ያኝክ ነበርና። የተረፉት የሚታወቁት 60 ገደማ ናቸው። ከነሱ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በዓለም ውድ የነበረው አንዱ፣ ጠርዙ እንዲያምር በድብቅ ተቆርጦ ነበር። የቆረጠው ነጋዴ በ2013 ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኗል። እንዲያ ያለ የድሮ ሥዕል ቆርጦ! ለዋጋ ሲባል። ዛሬ ብዙዎቹ ውድ ካርዶች ፕላስቲክ ውስጥ ታሽገው ካዝና ውስጥ ናቸው። ማንም አያያቸውም። ይህ ያናድደኛል፤ ጸሐፊውንም ቢያናድዳቸው አይገርመኝም።

ግን ዋጋው ስላበደ ሥዕሉ ሥዕል መሆኑ ይቀራል ማለት አይደለም። የእኔ ስትሪት 65 ዶላር ነው። ቀለሙ የተቀባው እንደ ዋግነር በዚያው ዘመን፣ በዚያው ዘዴ ነው።

አራተኛው ነጥብ ነው በጣም ያስከፋኝ። የልጆች መጫወቻ ነበሩ፣ የባህል ምልክት አይደሉም የሚለው። መጫወቻስ ነበሩ። ልጆች ሲጋራ ቤት ደጃፍ ቆመው ከሚወጣው አዋቂ ካርዱን ይለምኑ ነበር። በኋላ በማስቲካው ዘመን እንደ እኛ ቆርኪ ግድግዳ ላይ እየወረወሩ ይበላሉባቸዋል። ቢስክሌት ጎማ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ያስሯቸውና እንደ ሞተር ያንጣጧቸዋል። ልጅ ያልነካውን ነገር ግን አገር አያስታውሰውም። አንድ ሕዝብ ለልጆቹ ኪስ የሚሰጠውን ፊት ማየት ስለዚያ ሕዝብ ብዙ ይናገራል። የማይሰጠውን ማየት ደግሞ የበለጠ።

ከ520 በላይ በሆነው ቲ206 ውስጥ አንድም ጥቁር አሜሪካዊ የለም። በነጮቹ ሊግ ውስጥ እንዳይጫወቱ ስለተከለከሉ ነው። ክልከላው ከ1880ዎቹ ጀምሮ እስከ 1947 ቆየ። በነዚያ ዓመታት ጥቁሮች የራሳቸውን ሊግ መሥርተው ይጫወቱ ነበር። ከመካከላቸው ጆሽ ጊብሰን የሚባል ቀላቢና መቺ ነበር። በ1947 ጥር በ35 ዓመቱ ሞተ። ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ተሰልፎ ግድቡን የሰበረው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ሚያዝያ 15።

ጊብሰን በሕይወት ሳለ አንድም የአሜሪካ ሲጋራ ወይም ማስቲካ ኩባንያ ካርድ አላተመለትም። በክረምት ይጫወትባት በነበረችው ፖርቶ ሪኮ የታተመው ካርዱ እንኳ የወጣው ከሞተ በኋላ ነው። በ2024 ዋናው ሊግ የጥቁሮቹን ሊጎች ውጤት ወደ መዝገቡ አስገባ። በዕድሜ ልክ የመምታት አማካይ፣ ማለትም ተጫዋቹ ከሞከረው ስንቱን እንደመታ በሚያሳየው ቁጥር፣ ጊብሰን በ.372 አንደኛ ሆነ። ከላይ ሆኖ የቆየው ታይ ኮብ ነበር፤ በ.367። እንግዲህ ተመልከቱ። ኮብ በአንድ ተከታታይ ብቻ አራት ካርድ። ጊብሰን ባዶ። የመዝገቡ መጽሐፍ የተስተካከለው በ2024 ነው። ካርዱ ግን ሊስተካከል አይችልም፤ የታተመው ታትሟል፣ ያልታተመው አልታተመም። የዘመኑን ፊት እንዲህ ሳያድበሰብስ የሚያሳይ ሌላ ወረቀት አላውቅም።

ኩባ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በዚያ ጥቁርና ነጭ አብረው ይጫወቱ ነበር። በ1920ዎቹ የወጡ የኩባ ሲጋራ ካርዶች ላይ ኦስካር ቻርለስተን አለ፤ አገሩ አሜሪካ በሲጋራ ካርዷ ላይ ያላስገባችው ታላቅ ጥቁር ተጫዋች። የአንዱን አገር ልጅ መልክ ሌላው አገር አተመለት።

ከዚያ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሊፍ የተባለ ኩባንያ የሮቢንሰንን ካርድ ከማስቲካ ጋር አወጣ። መደቡ ደማቅ ቢጫ ነው። ሰውዬው ይስቃል። ብዙ የደቡብ ከተሞች ውስጥ ጥቁርና ነጭ በአንድ ቧንቧ ውኃ እንዳይጠጡ ሕግ በነበረበት ዘመን ነው። የነጭ ልጅ ሳንቲም ከፍሎ ያንን ፈገግታ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሊሄድ ይችላል። መጫወቻ ነው እንበል። እኔ ግን ትንሽ መጫወቻ ነው ማለት ይከብደኛል።

ካርዶቹ የሠራተኛ ታሪክም ናቸው። ቶፕስ ለአንድ ተጫዋች በዓመት 125 ዶላር ይከፍል ነበር። የተጫዋቾች ማኅበር መሪ ሆኖ በ1966 የመጣው ማርቪን ሚለር ይህን አይቶ ተጨማሪ ጠየቀ። እምቢ ተባለ። በ1968 ተጫዋቾቹ ለካርድ ፎቶ አንነሳም አሉ። ክፍያው በእጥፍ ጨምሮ ከሽያጩም ድርሻ ታሰበላቸው። በኋላ ትልቅ የሆነው ማኅበር ጉልበቱን መጀመሪያ የሞከረው በካርድ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ልምጣ። ለኔ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱ ብቻ ይበቃኛል።

ክሌሜንቴ የፖርቶ ሪኮ ልጅ ነው። ለፒትስበርግ ይጫወት ነበር። በ1955 በወጣው የመጀመሪያ ካርዱ ላይ ስሙ «ሮቤርቶ ክሌሜንቴ» ተብሎ ነው የተጻፈው። በ1956ም እንደዚያው። በ1957 «ቦብ ክሌሜንቴ» ሆነ። ማንም አልጠየቀውም። ለአሜሪካኖች እንዲቀል ነው። ሰውዬው ስሜ ሮቤርቶ ነው እያለ ኖረ። ካርዱ ግን በየዓመቱ «ቦብ» ይላል፤ እስከ 1969። አሥራ ሦስት ዓመት! በዚህ መሐል የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ የዓመቱ ምርጥ ተብሏል። «ቦብ» ነው። በ1970 ካርዱ ላይ «ሮቤርቶ» ተመልሶ መጣ። በ1972 የመጨረሻ ቀን፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ኒካራጓውያን ዕርዳታ ጭኖ ሲሄድ አውሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ወደቀ። በ1973 የወጣው ካርዱ ከሞተ በኋላ ነው ልጆች እጅ የገባው።

እዚህ አገር እንደመጣሁ የተቀጠርኩት ዲሲ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ነው። ስሜ ማንደፍሮ ነው። ኃላፊዬ ሁለት ጊዜ ሞከረውና በሦስተኛው ቀን ባጅ ይዞልኝ መጣ። «ማኒ» ይላል። አራት ዓመት ደረቴ ላይ ለጥፌው ዞርኩ። ክፉ ሰው አልነበረም። ቀለል ያለለት መስሎት ነው። እኔ ግን በየጠዋቱ ያንን ባጅ ሳደርግ የሚሰማኝን ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር። ልጄ የ1969ኙንና የ1970ውን የክሌሜንቴ ካርድ ጎን ለጎን አድርጎ ያሳየኝ ዕለት ነው ያወራሁት። ሁለቱን ካርዶች ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ሰውዬው ያው ነው። ቡድኑም ያው ነው። የተቀየረው አንድ ቃል ነው።

ጸሐፊው በአምስተኛው ነጥባቸው ለእኛ ምናችንም አይደሉም ብለው ነበር። ለዚህኛው የምጨምረው ብዙ የለም። ልጆቻችን እዚህ ተወልደው ሜዳ ላይ ቤዝቦል ይጫወታሉ፤ በትምህርት ቤት ካርድ ይለዋወጣሉ። ስለምን እንደሚያወሩ ማወቅ ለወላጅ ይጠቅማል። ወጪ የለውም ደግሞ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1887 እስከ 1914 የወጡ 2,100 ካርዶች አሉት፤ ቤንጃሚን ኤድዋርድስ የሚባል ሰው የሰበሰባቸው ናቸው። ሁሉንም በኢንተርኔት በነጻ ማየት ይቻላል። ፊታቸውንም ጀርባቸውንም። ቅዳሜ ማታ ከልጄ ጋር ተቀምጠን ኳሷ የተንጠለጠለችበትን ክር እንፈልጋለን። ያገኘ ያሸንፋል።

ጀርባውን ካነሳሁ አይቀር፣ በስትሪት ካርድ ጀርባ ታች ላይ በጣም በትንንሽ ፊደል የተጻፈች መስመር አለች። ካርዷን ከገዛሁ ከወራት በኋላ ነው ያየኋት። «ፋብሪካ ቁጥር 25፣ ሁለተኛ ወረዳ፣ ቨርጂንያ» ትላለች። ይህች ካርድ ፓኮ ውስጥ የገባችው እኔ በምኖርበት ግዛት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በስንት እጅ ዞራ ተመልሳ እዚሁ መጣች።

ጸሐፊው ወደ ቨርጂንያዋ አሌክሳንድርያ ብቅ ካሉ ቤቴ ክፍት ነው። ቡና እናፈላለን። አጉሊ መነጽሩን ልጄ ያቀብለዎታል፤ መጀመሪያ ከንፈሩን ይዩት፣ ከዚያ ይገልብጡት።